ልጄ ሁለት ቀን ፈጀበት፣ እኔ ሁለት ወር

(ደብዳቤው ረዘም ያለ ስለነበር ለዓምዱ እንዲመጥን አሳጥሬዋለሁ።)

«ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ ቢሮ ነው የምሠራው። ከጥቂት ወራት በፊት ልጄ የእንጨት እሽክርክሪት በስጦታ አገኘ። ያቺ ገመድ ተጠምጥሞባት የምትወረወረውን ማለቴ ነው። እሱ በሁለት ቀን ለመዳት። እኔ ይኸው ሁለት ወር ሞላኝ። አንዴ በጎኗ ትወድቅና ተንከባላ ሶፋ ሥር ትገባለች። አንዴ ትንሽ ትሾርና ወዲያው ትንገዳገዳለች። አንዴ ደግሞ ወደ ራሴ ተመልሳ ጉልበቴን አለችኝ። በኃይል ስወረውር ይብስባታል። አሁን የምለማመደው ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ነው፤ እውነቱን ለመናገር አፍራለሁ። ልጄ አንድ ማታ ለውኃ ሲነሳ አየኝና ‹እማዬ ተይው በቃ፣ የልጅ ነገር ነው› አለኝ። ጊዜው አልፎብኛል? እጄ ደርቆ ነው? ወይስ የማላውቀው ነገር አለ?

ገመድ የጠለፋት ነኝ»

ውድ ገመድ የጠለፋት፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። አዎ፣ የማታውቂው ነገር አለ። ሙሉውን ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ውርወራው አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈሻል። ክንድሽን የት ድረስ እንደምታነሺ፣ የትኛውን እግርሽን እንደምታስቀድሚ፣ ቪዲዮ እያቆምሽ ስንቴ እንዳየሽ። ስለ አጠማጠሙ ግን ያለሽው ሁለት ቃል ነው፦ «ጠምጥሜ እወረውራለሁ»። በቃ።

እኔ እዚያች ሁለት ቃል ላይ ነው የቆምኩት።

እኛ ትልልቆቹ መጠምጠሙን ጫማ እንደ ማሰር ነው የምናየው። ቶሎ ቶሎ እናደርገውና ወደ «ዋናው» እንሮጣለን። ልጅ እንዲህ አያስብም። ነገ ልጅሽን ሳይነቃብሽ እዪው። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ገመዱን በአውራ ጣቱ ጥፍር እየተጫነ፣ አንዱን ዙር ከሌላው ሲያስጠጋ ታዪዋለሽ። ደስ ካላለው ፈትቶ እንደ አዲስ ይጀምራል። ማንም አላስቸኮለውማ! ለእሱ ጨዋታው ያኔ ተጀምሯል።

እኔም የጀመርኩት አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ባላስታውሳቸው ደስ ይለኛል። አንድ አምፖልና አንድ የመስታወት ጠርዝ ሄደብኝ፤ ከታች የሚኖሩት ጎረቤቶቼ ትዕግሥትም አብሮ። ነገሩ በጉልበት የሚፈታ መስሎኝ ክንዴ እስኪዝል ወረወርኩ። አንድ ቀን ደጅ ላይ ስታገል ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ አጠገቤ ቆመ። ብዙ ታገሠኝ። በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ገመዱ እኮ ልል ነው» አለኝ። ተቀበለኝ፣ ጠመጠመ፣ መልሶ ሰጠኝ። እኔው ራሴ፣ በዚያው በማይረባው ክንዴ ወረወርኳት። ቆመች። ሾረች። ልጁ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ መንገዱን ቀጠለ።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ይህ ነው። እሽክርክሪትን የሚያሾራት ገመዱ ነው። የክንድሽ ሥራ ከአንቺ ማራቅ ብቻ ነው። እሷ ስትርቅ የገመዱ ጫፍ ጣትሽ ላይ ስለሚቀር፣ ገመዱ ከሆዷ ላይ እየተፈታ ያዞራታል። ልል ከሆነ ሳያዞራት ይንሸራተታል። አንዱ ዙር በሌላው ላይ ከወጣ ደግሞ መሃል ላይ ይያዝና አየር ላይ ይጎትታታል። እንዲህ ሆኖ ሳለ ጉልበት ስትጨምሪበት ያው ስህተት ነው በፍጥነት የሚመጣብሽ። «በኃይል ስወረውር ይብስባታል» ያልሽው ለዚህ ነው።

ነገርን ከሥሩ ይባላል፤ እኛም ከሚስማሩ፣ ከምትሾርበት የብረት ጫፍ፣ እንጀምር።

ግን አስቀድሞ ገመዱ። ለስላሳ የጥጥ ገመድ ይሁን፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ። የናይለን ሲባጎ ያንሸራትታል፣ ጣትም ይቆርጣል። ጭብጥ ውስጥ ለምትገባ እሽክርክሪት ከ1 ሜትር ከ20 እስከ 1 ሜትር ተኩል ይበቃታል። ጠምጥመሽ ስትጨርሺ ከሆዷ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ከሸፈነና እስከ ጣትሽ የሚደርስ አንድ ስንዝር ከተረፈሽ ልኩ እሱ ነው። ከዚያ የበለጠ ርዝመት መጠላለፊያ ከመሆን አያልፍም፤ ቁረጪው። በአንደኛው ጫፍ የልብስ ቁልፍ ወይም ትንሽ ሮንዴላ እሰሪበት። እሱን በቀለበት ጣትሽና በትንሿ ጣትሽ መካከል ትሰኪዋለሽ፤ ገመዱ እንዳያመልጥሽ ይይዝልሻል። ጣትሽ ላይ ቋጥረሽ ግን አትሰሪው። አንድ ነገር ቢያዝ ቶሎ መልቀቅ መቻል አለብሽ።

አሁን ተቀመጪ። አዎ፣ ተቀመጪ፤ ቆሞ መጠምጠም በኋላ የሚመጣ ነው። እሽክርክሪቷን ሚስማሯን ወደ ላይ አድርገሽ በግራ እጅሽ ያዢ። (ግራኝ ከሆንሽ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ገልብጠሽ አንብቢው።) የገመዱን ባዶ ጫፍ ሆዷ ላይ አጋድሚና በግራ አውራ ጣትሽ ተጫኚው። ገመዱን ወደ ሚስማሩ ሥር፣ ብረቱ ከእንጨቱ ወደሚገናኝበት ቦታ ውሰጂና ሁለት ጊዜ አዙሪው። የመጀመሪያዋ ዙር ባጋደምሽው ጫፍ ላይ ማለፍ አለባት፤ የምትቆልፈው እሷ ናት። እነዚህን ሁለት ዙሮች ጠበቅ አድርጊያቸው። እዚህች ጋ ያለው ጥጥ ትንሽ እርጥበት ቢነካው በደንብ ይነክሳል። ልጆች በምራቃቸው ነው የሚጨርሱት፤ አንቺ ጣትሽን ውኃ አስነክተሽ መንካት ትችያለሽ። እንጨቷ በጣም ልሙጥ ከሆነች ጠመኔ ቀባ ማድረግ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አንድ ሁለቴ ማሸት ይረዳል።

ከሚስማሩ ተነስተሽ ወደ ሆዷ ቀጥዪ። እያንዳንዱ ዙር ጎረቤቱን ይንካ፣ ትከሻው ላይ ግን አይውጣ። ቀኝ እጅሽ ገመዱን ሁልጊዜ ትንሽ እንደሳበ ይቆይ። ግራ አውራ ጣትሽ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ይጫን። ለማዞር እሽክርክሪቷን ይሁን ገመዱን፣ እንደ ተመቸሽ። አቅጣጫውን ደግሞ የልጅሽን ዓይተሽ ቅጂው፤ እሱም እንደ አንቺ ቀኝ ከሆነ ማለት ነው። አንዴ ከመረጥሽ አትቀያይሪው።

ስትጨርሺ ፈትኚው። የተረፈውን ገመድ ወጥረሽ እንደያዝሽ አውራ ጣትሽን አንሺና እሽክርክሪቷን ነቅነቅ አድርጊያት። አንድ ዙር እንኳን ከቦታው ከተነሳ፣ ፍቺና ከመጀመሪያው። ሳትወረውሪ ሃያ ጊዜ እንዲህ አድርጊ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽሽም። እኔ አሥራ አንደኛው ላይ ተነስቼ ሄጃለሁ። ግን ሃያኛው ላይ ስትደርሺ ጣትሽ ገመዱ የላላበትን ቦታ ሳታዪው ያውቀዋል። ዓይንሽን ጨፍነሽ የጠመጠምሽው በዓይንሽ እያየሽ ከጠመጠምሽው የተሻለ የሚሆንበት ቀን ይመጣል።

ስለ ውርወራው ከአንቺ ያነሰ ነው የምለው። ሚስማሩን ወደ ላይ ይዘው ከራሳቸው በላይ አንስተው የሚወረውሩ አሉ። ቪዲዮ ላይ ያየሽው ምናልባት እሱን ይሆናል፤ ለዓይን ያምራል። ነገር ግን እሽክርክሪቷ አየር ላይ መገልበጥ ስላለባት ለጀማሪ ይከብዳል። አንቺ በጎን ወርውሪ። ሚስማሩ ወደ ታች፣ አውራ ጣትሽ አናቷ ላይ፣ አመልካችና መሃል ጣትሽ ከሥር በሚስማሩ ግራና ቀኝ። ክንድሽ ከወገብሽ ከፍታ ተነስቶ ይሂድ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ በውኃ ላይ እንደሚያነጥር ሰው። ሁለት ሜትር ያህል ፊት ለፊትሽ እንድታርፍ አድርገሽ ልቀቂያት። ገመዱ ሊያልቅ ሲል ጣትሽ ላይ ከበድ ይልሻል። ያኔ እጅሽን ወደ ኋላ ሳብ አድርጊ። ሳብ ነው ያልኩሽ፣ መንጭቂ አላልኩም።

አሁን ያንቺን ሦስት ጥፋቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

ሶፋ ሥር የምትገባዋ ስትለቂያት ዘማ ነው። የእጅ አንጓሽ ልትለቂ ስትይ ይጠመዘዛል፤ የሁሉም ጀማሪ አንጓ ይጠመዘዛል። አናቷ ላይ የውኃ ጠብታ ያለ ይመስል፣ እሱ እንዳይፈስ አድርገሽ ልቀቂያት። ትንሽ ሾራ የምትንገዳገደው ወይ ጥምጥሙ ልል ነው፣ ወይ መጨረሻ ላይ ሳብ ማድረጉን ረስተሽዋል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

ጉልበትሽን ያለችሽ ላይ ግን አልቀልድም። ገመዱ ተጠላልፎ ሳይፈታ ሲቀር፣ ወይም ገና ሳይፈታ ስትስቢው፣ እሽክርክሪቷ እንደ ወንጭፍ ወደ አንቺ ትመለሳለች። ዛሬ ጉልበት ነው፤ ነገ ዓይን ሊሆን ይችላል። ሚስማር ያላት እንጨት መሆኗን አትርሺ። ስትወረውሪ ፊትሽን ወደ ፊት አትስጪ። መነጽር ካለሽ አድርጊው። ልጅሽ ሲያይሽ ከኋላሽ ይቁም፤ ከፊትሽ ማንም አይኑር። ጥምጥሙ ተበላሽቶ ከተሰማሽ አትወርውሪ። «እስቲ ልሞክራት» ብዬ የወረወርኳቸው ናቸው አምፖሉን የበሉት።

አንድ ነገር ልገምት። ቤተሰቡ ተኝቷል። ድምፅ እንዳይሰማ ምንጣፍ ላይ ነው የምትወረውሪው፣ አይደል? መብራቱንም ቀንሰሽዋል። እህቴ፣ ምንጣፍ ላይ የዓለም ሻምፒዮንም ቢወረውራት አትሾርም። ሚስማሩ ክሩ ውስጥ ይገባና ይታነቃል። እሷ የምትፈልገው ደረቅ፣ ለስላሳና ደልዳላ ነገር ነው። ሊሾ ጥሩ ነው። ሴራሚክ ያንሸራትታታል፣ ደግሞም ሊሰነጠቅ ይችላል። ሻካራ ሲሚንቶ ሚስማሯን ይበላዋል። ለአንቺ የሚሻለው ሰፋ ያለ ጣውላ ነው። ምንጣፉ ላይ አጋድሚው፤ ከላይ ጠንካራ ይሆንልሻል፣ ከሥር ያለው ምንጣፍ ድምፁን ይውጠዋል። ጣውላውን ግድግዳ ጥግ አስጠጊው፤ ያመለጠች እሽክርክሪት ሩቅ አትሄድም።

ይህ ሌላም ጥቅም አለው። ስለ ጎልማሳ ጀማሪ ሲነገር ማንም የማያነሳው ነገር ጎንበስ ቀናው ነው። ልጅሽ ወለሉ አጠገብ ነው የሚኖረው። አንቺ ግን ሃምሳ ጊዜ ስትወረውሪ ሃምሳ ጊዜ ታጎነብሻለሽ። እኔን በሁለተኛው ሳምንት ያሳመመኝ ክንዴ ሳይሆን ወገቤ ነበር። ስታነሻት ከወገብሽ አትታጠፊ፣ ጉልበትሽን እጠፊ። ወይም ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ እዚያው እየጠመጠምሽ አንዴ ብቻ ተነሺ። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል። ሁለት ሰዓት አንድ ቀን ከመታገል ሩብ ሰዓት ለስምንት ቀን ይሻላል፤ እጅ የተማረውን የሚያጠናክረው ስንተኛም ጭምር ነውና። ማታ እምቢ ያለሽ ነገር ጠዋት በመጀመሪያው ውርወራ ሲሆንልሽ አትገረሚ።

ልምምዱ ሁሉ ትክክል ሆኖ እምቢ ካለችሽ እሷንም ተጠራጠሪ። ዝርግ ሳህን ላይ አቁሚያትና አናቷን በሁለት ጣት አሹሪያት። ጠርዟ ጥርት ያለ አንድ መስመር ሆኖ ከታየሽ ደህና ናት። ሁለት ሆኖ ከተንቀጠቀጠ ሚስማሩ መሃል ላይ አልገባም፤ ይህን ምንም ዓይነት ልምምድ አያቃናውም። በቶርኖ የተሠራች እሽክርክሪት እንኳን ሚስማሯ ትንሽ ከዘመመ አለቀላት። የሚስማሩ ጫፍም መርፌ መሆን የለበትም። በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ክብ አድርጊው። ሰዎች ሲሾል ብዙ የሚቆይ ይመስላቸዋል፤ በጣም የሾለ ጫፍ ግን ጣውላውን ይቆፍራል። ጫፏ ላይ ኩሽኔታ የገባላቸው ዘመናዊ የላስቲክ እሽክርክሪቶችም አሉ። ረጅም ጊዜ ይሾራሉ፣ እጅ ላይ ለማንሳትም ይመቻሉ። እኔ ግን የእንጨቷን እመርጣለሁ፤ ወለሉ ላይ የምትሄድበትን መንገድ ራሷ ትመርጣለች።

ሳይሆንልሽ ቀርቶ ተስፋ የቆረጥሽ ቀን ደግሞ ይህን ሥሪ። የማይሠራ ሲዲ ፈልጊ። የመሃል ቀዳዳው ስፋት 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ የተለመደው የልጆች ብይ ደግሞ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ። ስለዚህ ብይው ቀዳዳው ላይ ቁጭ ይላል እንጂ አያልፍም። ከሥር በሙጫ አጣብቂው፤ ከላይ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ለጥፊበትና እሱን በጣትሽ አሹሪው። ገመድ የለም፣ ውርወራ የለም። ብዙ ደቂቃ ሳትታገይ የምትሾር ነገር ፊትሽ ይኖራል። ክብደቷ ዳር ዳር ላይ ስለሆነ ነው እንዲህ የምትቆየው። ያው ክብደት መሃል ላይ ቢከማች ለማስነሳት ይቀላል፣ ለመቆም ግን አይሆንም።

ሲዲዋ ልትወድቅ ስትል ዝቅ ብለሽ እያት። የማታ ልምምድሽን የማከብረው ለዚህ ብቻ ነው፤ ፀጥታ አለ። ፍጥነቷ ሲቀንስ አናቷ ቀስ ብሎ ክብ መሥራት ይጀምራል። ልትወድቅ ያዘነበለች ናት፣ ግን አትወድቅም። የሚጥላት ክብደት አለ፤ እየሾረች ስለሆነ ግን ክብደቱ ወደ ታች ከመጣል ይልቅ ወደ ጎን ይወስዳታል። ፍጥነቷ በቀነሰ ቁጥር ክቡ ይሰፋል፣ ዙሩም ይፈጥናል። መጨረሻ ላይ ጠርዟ ወለሉን ይነካና ያበቃል። በጥሩ ሁኔታ የተወረወረች የእንጨት እሽክርክሪት ላይ ደግሞ መጀመሪያው ነው የሚያምረው። ስታርፍ ትንሽ ትወዛወዛለች፤ ከዚያ ክብ የሆነው ጫፏ ከወለሉ ጋር ሲታገል ራሱ እያቃና ያቆማታል። ቀጥ ትላለች። የማትንቀሳቀስ ትመስላለች፤ ዝም ብላ የቆመች እንጨት። «ተኛች» ይባላል። የምታውቂው በጆሮሽ ነው፣ ስስ የሆነ እምምም የሚል ድምፅ አላት። ጣትሽን ብትነኪያት ተስፈንጥራ ትሄዳለች። እኔ የመጀመሪያዋን የተኛች እሽክርክሪቴን እስትንፋሴን ይዤ ነው ያየሁት።

«የልጅ ነገር ነው» ላለሽ ልጅሽ አንድ ታሪክ ንገሪው። እሽክርክሪት በአንድ ነጥብ ላይ ቆማ እንዴት እንደምትዞር በሂሳብ መግለጽ ታላላቅ ሊቃውንትን ሲያስቸግር የኖረ ጉዳይ ነው። ኦይለር አንዱን መልክ ፈታ፣ ላግራንዥ ሌላውን። ሦስተኛውን ያገኘችው ሶፊያ ኮቫሌቭስካያ የምትባል ሩሲያዊት ናት፤ በስቶክሆልም ፕሮፌሰር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1888 የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ሸለማት። ሥራው በጣም ስላስደነቃቸው የሽልማቱን ገንዘብ ከ3000 ወደ 5000 ፍራንክ ከፍ አደረጉት። ያኔ ዕድሜዋ 38 ነበር። የአንድ ልጅም እናት ነበረች። (ወርውራ ታውቅ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።)

ካልበቃው ጨምሪለት። በማሌዢያ «ጋሲንግ» የሚሉት አለ፤ ትልቋ 5 ኪሎ ትመዝናለች። የሚወረውሯት ጎልማሶች ናቸው፣ ወፍራም ገመድ ጠምጥመውባት። መሬት ላይ ስታርፍ በፍጥነት በጠፍጣፋ እንጨት ዝቀው ያነሷታል፣ መቆሚያ ላይ ያስቀምጧታል፣ ከዚያ ከአንድ ሰዓት በላይ ስትሾር ቁጭ ብለው ይጠብቋታል። በጃፓን ደግሞ ከጥንት ጀምሮ እሽክርክሪትን በሰይፍ ስለት ላይና በማራገቢያ ጠርዝ ላይ እያስኬዱ ትርኢት የሚያሳዩ ባለሙያዎች አሉ። ይህ ዕድሜ ልክ የሚሠሩት ሙያ ነው።

ስለ እጅሽ መድረቅ የጠየቅሽውንም ልመልስ። እ.ኤ.አ. በ2004 በጀርመን የወጣ ጥናት ነበር። ሦስት ኳስ እየወረወሩ መቅለብን ለሦስት ወር የተለማመዱ ሰዎች አእምሮ በመሣሪያ ፎቶ ሲነሳ፣ እንቅስቃሴን በዓይን የሚከታተለው ክፍል ላይ የሚታይ ለውጥ ተገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ ዕድሜያቸው 60 ገደማ በሆኑ ሰዎች ላይ ደገሙት፤ እዚያም ለውጡ ታየ። እርግጥ ከወጣቶቹ ይልቅ ጥቂቶች ናቸው በደንብ የቻሉት። ስለዚህ አልሸነግልሽም፤ ከልጅሽ ይልቅ ሊቆይብሽ ይችላል። ግን ሁለት ወር የቆየብሽ ልል ገመድ ምንጣፍ ላይ ስለወረወርሽ ነው እንጂ እጅሽ ደርቆ አይደለም።

ማፈርሽ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከቴክኒኩ ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ልጅሽ «ተይው» ያለሽ አሳንሶሽ አይመስለኝም። እናቱ በሌሊት ብቻዋን፣ በጨለማ፣ በእሱ መጫወቻ ስትታገል አየ። ምን ይበል? አዘነልሽ። ቀን ላይ፣ ቁጭ ብለሽ «እስቲ አሳየኝ» ብትዪው ሌላ ሰው ነው የምታገኚው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ እንዲያስረዳሽ አትጠይቂው። ልጆች እጃቸው የሚያውቀውን አፋቸው አያውቀውም። «እንዴት ነው የምትጠመጥመው?» ስትዪው «እንዲህ ነዋ» ይልሻል፣ ያው ነው። «ቀስ ብለህ ጠምጥምልኝ» በዪው። እጁን እዪ። የትኛው ጣቱ እንደሚጫን፣ መቼ ቆም ብሎ እንደሚያስጠጋ እዪ። ከዚያ እሱ ይጠምጥም፣ አንቺ ወርውሪ። ከቆመች ችግሩ የት እንደነበረ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። ቀጥሎ ተለዋወጡ፤ አንቺ ጠምጥሚ፣ እሱ ይወርውር። የእሱ ውርወራ የአንቺን ጥምጥም ይፈርድብሻል፤ ክፉ ዳኛ አይደለም።

ባለቤትሽ እንደሳቀም በረጅሙ ደብዳቤሽ ላይ ጽፈሽ ነበር። እሱን አንዴ እንዲወረውር ስጪው። ሌላ ምንም አያስፈልግም።

እንዳልቸኩልብሽ እንጂ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ብዙ ነው። ስትሾር እጅሽን ዘርግተሽ አመልካችና መሃል ጣትሽን ትከፍቻለሽ። ሚስማሯን በመካከላቸው አስገብተሽ ወደ ላይ ብድግ ታደርጊያትና መዳፍሽ ላይ ታርፋለች። ሚስማሩ መዳፍ ላይ ሲሾር ያኮረኩራል እንጂ አይወጋም፤ መጀመሪያ ሰው ሁሉ ይደነግጥና ይጥላታል። ግን እሱ የሚቀጥለው ወር ነው።

ዛሬ ማታ አትወርውሪ። መብራቱን አብሪ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጪ፣ አሥር ጊዜ ጠምጥሚና አሥር ጊዜ ፍቺ። ልጅሽ ለውኃ ከተነሳ አጠገብሽ ቦታ አድርጊለት። የገመድሽን ርዝመትም ለክተሽ ጻፊልኝ፤ ሁለት ሜትር ይሆናል ብዬ ጠርጥሬያለሁ።